ጉዳዩ፦ በምሥራቅ ስለጠለቀች ፀሐይና ስላልተከበረ ውል

ለፎቶግራፍ አገልግሎት ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

የእንግዳ ማረፊያዬን ፎቶግራፍ እንድታነሱልኝ የተፈራረምነው ውል ቅጂ፣ የክፍያው ሰነድና የቀደሙት ደብዳቤዎቼ በእጃችሁ ስለሚገኙ እነሱን አልደግምም። ስልክ በደወልኩ ቁጥር «ጉዳዩን ይዘነዋል» ስትሉኝ ከርማችኋል፤ የያዛችሁትን ነገር መልሼ ማስያዝ አይጠበቅብኝም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ባለፈው ሐሙስ ከደንበኞች አገልግሎት ኃላፊያችሁ ጋር ያደረግሁት የስልክ ንግግር ነው። እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ተለሳልሶ እንደሚደርስ ስለምገምት፣ የተባባልነውን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

የጀመርኩት በትሕትና ነበር። አርባ ምንጭ ሴቻ ላይ የሚገኘው የእንግዳ ማረፊያዬ በረንዳ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንደሆነ፣ ከፊት ለፊቱ አባያና ጫሞ፣ ከእነሱም ማዶ የአማሮ ተራሮች እንዳሉ አስረዳሁ። ፀሐይ የምትወጣው ከዚያ ነው፤ የምትጠልቀው ከቤቱ ጀርባ፣ በጋሞ ደጋ በኩል ነው። እናንተ በላካችሁልኝ ዋና ፎቶግራፍ ላይ ግን በረንዳው ላይ እራት ቀርቦ፣ ሻማ በርቶ፣ ወይን ተቀድቶ፣ ፀሐይዋ ቀልታ አባያ ውስጥ ልትገባ ትታያለች። ኃላፊው «ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?» አሉኝ። ፀሐይ በምሥራቅ አትጠልቅም አልኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው «እማማ፣ ፀሐይ ፀሐይ ናት፤ ኮምፓስ ይዞ የሚመጣ እንግዳ አለ እንዴ?» አሉኝ።

እማማ የሚያሰኝ ዕድሜ ላይ አልደረስኩም፤ ብደርስም በውሉ ላይ ስሜ ተጽፏል። ይህንን አለፍኩትና ኮምፓስ ያላስፈለገው እንግዳ መምጣቱን ነገርኳቸው። ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። የጋብቻቸውን በዓል ለማክበር ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዘው የመጡት ያንን ፎቶግራፍ አይተው ነው። በረንዳ ያለው ክፍል ዋጋው ከሌሎቹ እንደሚበልጥ እያወቁ ከፈሉ። አመሻሹ ላይ ጠረጴዛው ልክ በፎቶግራፉ ላይ እንዳለው እንዲዘጋጅላቸው ጠየቁ፤ አዘጋጀን። ሚስትየው ወንበሯን ወደ ሐይቁ አዙራ ተቀመጠች። ፀሐይዋ በጀርባቸው፣ ከወጥ ቤቱ ጣሪያ በላይ አድርጋ ገባች። ባልየው ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያም ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፉን ፊቴ ላይ ዘረጋና «ይህ ቦታ የት ነው?» አለኝ። በገዛ ቤቴ የምመልሰው አጣሁ። የክፍሉን ኪራይ ግማሹን መለስኩላቸው፤ በኢንተርኔት ላይ የጻፉብኝን ግን ማንም አይመልስልኝም።

ይህን ሁሉ ኃላፊው አዳምጠው ሲያበቁ የሰጡኝ መፍትሔ፣ «እንግዲያው ንጋት ነው በያቸው!» የሚል ነው። በእርስዎ የተጀመረው ንግግር እዚህ ላይ አንቺ ሆነ። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሻማ ብርሃን እራት የሚበላው ማን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ፤ ሰው የሚፈልገው ውበት ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ከስድቡ ይልቅ የሚቆረቁረኝ ይህ ነገር አስቀድሞ የተነገረና የተፈረመበት መሆኑ ነው። ውሉን ስንፈራረም ፎቶግራፍ አንሺያችሁ እዚያው በረንዳ ላይ ቡና እየጠጡ «እኛ ያለውን እናሳምራለን እንጂ የሌለ አንጨምርም» ብለውኝ ነበር። ቃል ቃል ነው ብዬ አልተውኩትም፤ በጽሑፍ ይግባልኝ አልኩ፤ ገባ። የተፈጥሮ ገጽታን የሚለውጥ ማንኛውም እርማት ያለ ደንበኛዋ ፈቃድ እንደማይደረግ የሚለው አንቀጽ የተጻፈው በእናንተው ኮምፒውተር፣ የታተመው በእናንተው ማኅተም ነው።

ሰማዩ ለምን እንደተቀየረም አውቃለሁ። ቀረጻው ሊደረግ የታሰበው ታኅሣሥ ላይ፣ አየሩ ደረቅ በሆነበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ነገ ስትሉ ሚያዝያ ላይ መጣችሁ። የአርባ ምንጭ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ እንደሆነ ለምኜ ነግሬያችሁ ነበር፤ «አዲስ አበባ እኮ ፀሐይ ነው» ተባልኩ። የመጡት ልጆች በዶፍ ደረሱ። አንድ ሌሊት እደሩ፣ ክፍሉ በነፃ ነው፣ ጎህ ሲቀድ ደመናው ይገለጥ ይሆናል ብላቸው፣ ሐዋሳ ሌላ ሥራ አለብን ብለው በዚያው ዕለት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ያ ወርቃማ ሰማይ የመጣው። ፎቶግራፉን ቀረብ ብለው ይመልከቱት፦ ፀሐይዋ እየነደደች የበረንዳው ንጣፍ በዝናብ ርሶ ያብለጨልጫል፤ ወንበሮቹ ጥላ የላቸውም፤ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ አንዲት የውኃ ጠብታ ልትወድቅ ተንጠልጥላለች። በስተግራ በኩል ጅራቷ የተቆለመመ ሹል ደመና አለች። ያችኑ ደመና፣ ከነጅራቷ፣ አዲስ አበባ ለሽያጭ በቀረበ ቪላ ላይ ባነሳችሁት ፎቶግራፍ ውስጥ አይቻታለሁ። አንድ ደመና ለሁለት ደንበኛ ስትሸጡ ሁለታችንም ሙሉ ዋጋ መክፈላችን አስደንቆኛል።

አባያንም አጥባችሁታል። አባያ ቀይ ቡናማ ሐይቅ ነው፤ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደለል ነው እንዲያ ያደረገው። ጫሞ ደግሞ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። እንግዳ እኔ በረንዳ ላይ ቆሞ የሚደነቀው፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት ሁለቱን ለይቶ፣ አንዱ በአንድ ቀለም ሌላው በሌላ ቀለም ተዘርግተው ስለሚያያቸው ነው። በእናንተ ፎቶግራፍ ላይ ሁለቱም ባሕር ዳርቻ ላይ እንደሚታየው ዓይነት ሰማያዊ ሆነዋል። በአገሪቱ ከጣና ቀጥሎ ትልቁ የሆነውን ሐይቅ የተበላሸ ቀለም አስመስሎ ማረም ድፍረት ነው፤ ካረሙስ በኋላ ለአካባቢው ሰው ማሳየት ደግሞ የባሰ ድፍረት ነው። ዓሣ የሚያመጣልኝ ልጅ አይቶ «ይህ ላንጋኖ ነው?» ብሎኛል፤ ላንጋኖም ቢሆን ሰማያዊ አይደለም።

ቀደም ሲል ዝም ብዬ ያለፍኳቸውን ነገሮችም አሁን ልናገር። መኝታ ክፍሉ ከጥግ እስከ ጥግ አራት ሜትር ነው፤ በሰፊ ሌንስ ተነስቶ አዳራሽ መስሏል፤ እንግዶች ገብተው ሌላኛው ክፍል የት አለ ይሉኛል። ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ዘንበል ብለው ሊወድቁ የደረሱ ይመስላሉ። ለመስኮቱና ለክፍሉ ብርሃን ለየብቻ አንስታችሁ እንደምታዋህዱ ተነግሮኝ ነበር፤ መስኮቱ ግን ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ በዚያ መስኮት የሚታየው ሐይቁ ነበር። ድሮን ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ እናንተም እኔም እናውቃለን፤ በውሉ መሠረት ፈቃዱን የምታወጡት እናንተ ናችሁ። ድሮኑ ከነሳጥኑ መጣ፣ ከነሳጥኑ ተመለሰ፤ ፈቃዱ «በሂደት ላይ» ነበርና። የአየር ላይ ቀረጻው ዋጋ ግን ከሂሳቡ አልተቀነሰም። ብርሃን ለመከለል ብለው የዶርዜ ጋቢዬን መስኮቱ ላይ በምስማር ቸነከሩት፤ ጥለቱ ላይ ተቀደደ፤ ይቅርታ ያለኝ የለም። በገዛሁት ፎቶግራፍ ጥግ ላይ የድርጅታችሁ ዓርማ ታትሟል። ደረሰኝም እስከ ዛሬ አልደረሰኝም።

አንዳንድ ወዳጆቼ ፎቶግራፍ ሁሉ ይነካካል፣ ምን ያስጨንቅሻል ይሉኛል። ብርሃን ቢጨመር፣ ቀለሙ ቢደምቅ ቅር አይለኝም፤ ያ ሙያ ነው። የማስታወቂያው ባለቤት ግን እኔ ነኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን ይከለክላል፤ እንግዳ ቢከስ የሚከሰው እኔን ነው እንጂ ደመናችሁን አይደለም።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ የጠየቅሁት ድጋሚ ቀረጻ ብቻ ነበር። ያ አሁን ቀርቷል። የከፈልኩት ገንዘብ በሙሉ፣ የድሮኑን ጨምሮ፣ ለባልና ሚስቱ የመለስኩትም ታክሎበት እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ያልተነካኩት ፋይሎች እንዳሉ ይላኩልኝ፤ ዝናቡም ቢሆን የራሴ ቤት ዝናብ ነው፤ አርባ ምንጭ ያለ ባለሙያ ቢያንስ አቅጣጫ ያውቅበታል። የማረፊያዬ ምስል ከድርጅታችሁ ገጾችና ከማስታወቂያ መጽሔታችሁ ላይ ይነሳ። የጋቢው ዋጋ ለዶርዜ ሸማኔ በሚከፈለው ልክ ይከፈለኝ። ኃላፊያችሁ ደግሞ ስሜን ጠርተው፣ በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቁኝ።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀናት ውስጥ መልስ ካላገኘሁ፣ ውሉንና ሁለቱን ፎቶግራፎች፣ የእኔን በረንዳና የአዲስ አበባውን ቪላ ጎን ለጎን አድርጌ፣ ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ። የቪላውን ባለቤትም አፈላልጌ አነጋግራለሁ። በስልክ እንዳትደውሉልኝ፤ መልሱን በጽሑፍ፣ ደረሰኙን አያይዛችሁ ላኩልኝ።

ከሰላምታ ጋር

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ

ግልባጭ፦ ለሕግ አማካሪዬ