ልጆቹን ማን አስነሣቸው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ እየሸጥኩ ልጆች የማሳድግ እናት ነኝ። ባለፈው እሁድ በአንድ ጸሎት ቤት የገቢ ማሰባሰቢያ ነበር። አስተናጋጆቹ ፊት የተቀመጡትን ሕፃናት አስነሥተው ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች ደረደሩ። ለማን? “ለታላላቅ እንግዶች”። የታሸገ ውሃም ቀረበላቸው፤ ያውም ቀዝቃዛ! እኛ ላብ በላብ ሆነናል።

ደቀ መዛሙርቱ “በመንግሥተ ሰማያት ማን ይበልጣል?” ሲሉ፣ ጌታ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው አቆመ። ማቴዎስ 18 ላይ አለ። እንደ ሕፃናት ካልሆናችሁ አትገቡም አላቸው። መብለጡ ቀርቶ መግባቱ ራሱ! ማርቆስ 10 ላይ ደግሞ ልጆች ወደ እሱ እንዳይቀርቡ የከለከሉት እነዚያው ደቀ መዛሙርት ናቸው፤ ጌታም ተቆጣ።

ለጋሾች ይከበሩ፣ እሰየው። ግን ከልጆቹ ኋላ ቢቀመጡ ምን ይጎድልባቸዋል? አስተናጋጆቹ ለሚቀጥለው ዝግጅት ያስቡበት።

አንዲት አንባቢ፣ ከሐዋሳ