መሃንዲሱን ደላላው አያምጣላችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እዚህ ድሬዳዋ ሱቅ ወይም መጋዘን ለመግዛት የምታስቡ ሰዎች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቤቱን የሚያይላችሁን መሃንዲስ ራሳችሁ ፈልጉ። ደላላው አያምጣላችሁ። ሻጩም እንደዚያው።

እኔ ከደቻቱ ወንዝ ብዙ የማይርቅ መጋዘን ስገዛ ደላላው «አቦ አታካብደው፣ የማውቀው ኢንጂነር አለ» አለኝ። ኢንጂነሩ መጣ፣ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና «ጠንካራ ነው» ብሎኝ ሄደ። ሩብ ሰዓት አልሞላም። በጽሑፍ የሰጠኝ አንድም ነገር የለም። ክረምት ሲገባ ውሃ በበሩ ሥር ገብቶ ከታች የደረደርኩትን ዱቄት በሙሉ አበላሸብኝ። ያን ቀን እኮ ከተማው ላይ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም፤ የእኛ ጎርፍ ከላይ ከደጋው ነው የሚወርደው፣ የ1998ቱን ያየ ሰው ያውቀዋል።

ሁለተኛ መጋዘን ስፈልግ ግን በሰው በሰው ጠይቄ፣ መጋዘንና የንግድ ፎቅ ያሠራች መሃንዲስ አገኘሁ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን ልታስቀምጥበት ነው?» ብላ ነው። ለመኖሪያ የተሠራ ፎቅ የኩንታል ክምር ላይችል ይችላል አለችኝ። ከዚያ አዲስ ቀለም የተቀባውን ግድግዳ ከጉልበት ዝቅ ብላ በቁልፍ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ከቀለሙ ሥር ቡናማ የጭቃ መስመር ወጣ፣ ትንሽ ራቅ ብላ ስትፍቅም እዚያው ቁመት ላይ አለ። «ውሃ እስከዚህ ቆሞ ያውቃል» አለች። ሻጩ ዝም አለ። ጣሪያው ላይ ወጣች፣ ከኮለኑ ስንጥቅ ውስጥ የዛገውን ፌሮ አሳየችኝ፣ ቧንቧም አስፈታች፤ ውሃችን ካልሲየም ስለሚበዛው የውስጡ ቀዳዳ እርሳስ እንኳ አያሳልፍም ነበር። ፕላኑን ከቤቱ ጋር ስታስተያየው ደግሞ ከኋላ የተቀጠለው ክፍል ፕላኑ ላይ የለም። ሁሉንም ከነፎቶው ጽፋ፣ ፈርማ ሰጠችኝ። ቤቱን ተውኩት።

የካርታውን፣ የዕዳና የእገዳውን ጉዳይ ለብቻው አጣሩ፣ እሱ የመሃንዲስ ሥራ አይደለም። መሃንዲሱን ግን ከዚህ በፊት ምን ዓይነት ሕንፃ እንዳየ፣ በጽሑፍ ይሰጥ እንደሆነ፣ ከሻጩ ጋር ትውውቅ እንዳለው ሳታፍሩ ጠይቁት። ክፍያው ቤቱ ተሸጠም አልተሸጠም ያው ይሁን፣ ኮሚሽን የሚጠብቅ ሰው ስንጥቅ አይታየውም።

ዝግጅት ክፍሉንም ልለምን፦ የመሃንዲስ ፈቃድ እንዴት እንደሚጣራ ባለሙያ ጠይቃችሁ አንድ ቀን ጻፉልን። ብዙ ነጋዴ ይፈልገዋል።

አንባቢያችሁ
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ