ይህ ድምፅ ከማን ተወረሰ?

ውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ አምስት ዓመት አልፎታል። መልስ ሳልሰጥህ የቀረሁት አንተን ረስቼ ሳይሆን፣ ዛሬ ነገ ስል ዝምታው እየከበደኝ ስለ ሄደና ይህን ያህል ከዘገየሁ በኋላ ባዶ ሰላምታ ብቻ መላክ ስላሳፈረኝ ነው። አሁን ግን ይቅርታህን እየለመንሁ፣ ከመለያየታችን በፊት ለጠየቅኸኝ ነገር ያገኘሁትን መልስ ይዤ መጥቻለሁ።

ከአገር ልትወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩህ እኔ ክፍል ተቀምጠን የጃፓን ድምፃዊ የሆኑትን የኡታዳ ሂካሩን «ፈርስት ላቭ» የተባለ ዘፈን መስማታችንን ታስታውስ ይሆናል። ክራርህን ጭንህ ላይ እንዳስደገፍህ ዜማው እስኪያልቅ ዝም ብለህ ቆየህና፣ «ቅንብሩ የአሜሪካ ነው፤ ሐዘኑ ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ይህ ድምፅ ከማን ተወረሰ?» አልኸኝ። እኔም የምመልስልህ አጥቼ ሌላ ሲዲ ከፈትሁልህ። ጆሮህ ትክክል እንደ ነበር የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ሁለት ነገር ልንገርህ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልህ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ደግሞም ኡታዳ በ2021 ራሳቸውን ከሴትም ከወንድም እንደማይመድቡ በይፋ ስለ ተናገሩ፣ «እርሳቸው» እያልሁ እጽፋለሁ፤ አማርኛችን ጾታ ሳይለይ በአክብሮት የሚጠራበት ይህን የመሰለ አነጋገር ስላለው ደስ ይለኛል።

ኡታዳ የተወለዱት በ1983 በኒው ዮርክ ከተማ ነው። አባታቸው የሙዚቃ አዘጋጅ ናቸው፤ እናታቸው ደግሞ ፉጂ ኬይኮ የተባሉ፣ «ኤንካ» በሚባለው የጃፓን የእንጉርጉሮ ዘፈን እጅግ የታወቁ ድምፃዊት ነበሩ። ፉጂ በ1969 በመጀመሪያ ዘፈናቸው ብቅ ብለው፣ በማግሥቱ ዓመት አልበሞቻቸው ለ37 ተከታታይ ሳምንታት የአገሪቱን የሽያጭ ሰንጠረዥ በአንደኝነት ይዘው ነበር። የእርሳቸውም ወላጆች እየዞሩ የሚያዜሙ ሰዎች ነበሩ፤ አባት በዜማ ተራኪ፣ እናት ደግሞ ዓይነ ስውር የሻሚሰን ተጫዋች። ሻሚሰን ባለ ሦስት አውታር መሣሪያ ነው። ይህን ሳነብ ማሲንቋቸውን ይዘው ከደጅ ደጅ የሚዞሩት አዝማሪዎቻችን ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ስለዚህ ያ የጠየቅኸኝ ሐዘን ኒው ዮርክ ላይ የተጀመረ አይደለም።

አንድ ምሽት የፉጂን የቆየ ዘፈን ከፍቼ፣ አደራ ብለህ የተውህብኝን ክራር ከግድግዳው አውርጄ በትዝታ ማይነር፣ በሐዘንተኛው የትዝታ ቅኝት፣ ቃኘሁት። ድምፅ በድምፅ ገጠመልኝ። ኋላ እንደ ተረዳሁት ይህ አጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ ኤንካ በአብዛኛው የሚዘፈነው አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ በሚዘል ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ሲሆን፣ የማይነሩ ዓይነት ከእኛ ትዝታ ማይነር ጋር አንድ ዓይነት እርከን አለው። የፉጂ ድምፅ ወፍራምና ሻካራ ነው፤ ስንኙ ሊያልቅ ሲል ጉሮሯቸው ውስጥ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ ይታጠፋል። ይህን ከሰማህ በኋላ ወደ ልጃቸው ብትመለስ ያችኑ እጥፋት ቀጥና ታገኛታለህ።

ኡታዳ የመጀመሪያ ጃፓንኛ ነጠላ ዜማቸውን «ኦቶማቲክ»ን ያወጡት በዲሴምበር 1998 ነው፤ ዕድሜያቸውም 15 ነበር። በቪዲዮው ላይ ጣሪያው ዝቅ ባለ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲወዛወዙ ይታያሉ። እኔን የሚደንቀኝ ግን የቃሉ አቆራረጥ ነው። በመክፈቻው ላይ የስልክ ደወል የሚለው ቃል መካከሉ ላይ ይቆረጥና ግማሹ ለሚቀጥለው ሐረግ ይተርፋል። በእኛ ቋንቋ የሚጠብቀውን አላልቶ፣ የሚላላውን አጥብቆ እንደ መዝፈን ያለ ድፍረት ነው። ጃፓንኛን ለጥቁር አሜሪካውያን ምት እንዲታዘዝ ያደረጉት በዚህ መንገድ ነው። በማርች 1999 የወጣው «ፈርስት ላቭ» የተባለው አልበም በጃፓን ብቻ ከ7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ እስከ ዛሬም በዚያ አገር በሽያጭ የሚስተካከለው አልበም የለም። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ሰው ይህን ያህል ሸክም እንዴት ተሸከመው እያልሁ አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ ድምፁ ወደ ብዙ አቅጣጫ ሄደ። በ2004 ለአሜሪካ ገበያ በእንግሊዝኛ የሠሩት አልበም ጥበብ የሞላበት ቢሆንም ልቤን አልያዘውም። በ2006 የወጣውን «አልትራ ብሉ»ን ግን አጥብቄ እወደዋለሁ፤ ቅንብሩን በአብዛኛው በራሳቸው እጅ የሠሩት ሲሆን፣ የኤሌክትሮኒክ ድምፆቹ እንደ ክረምት ማለዳ የቀዘቀዙ ናቸው። በዲሴምበር 2010 ዮኮሃማ ላይ ሁለት ምሽት ዘፈኑና ሥራቸውን አቆሙ። ምክንያታቸውን በጃፓንኛ ሲገልጹት «የሰውነት ሥራ» ለመሥራት ነው አሉ፤ እንደ ማንኛውም ሰው ለመኖር ማለታቸው ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል፣ በኦገስት 2013፣ ለረጅም ጊዜ ከአእምሮ ሕመም ጋር ሲታገሉ የኖሩት እናታቸው በቶኪዮ በአሳዛኝ ሁኔታ ሞቱ። በ2015 ደግሞ ኡታዳ ወንድ ልጅ ወለዱ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ልነግርህ የቸኮልሁት ቀጥሎ ያለውን ነው። በኤፕሪል 2016 ከዝምታቸው ሲመለሱ ካወጧቸው ዘፈኖች አንዱ፣ «ሃናታባ ኦ ኪሚ ኒ» (እቅፍ አበባ ለአንቺ) የተባለው፣ በጃፓን ብሔራዊ ቴሌቪዥን ጧት ጧት ለሚታይ ተከታታይ ድራማ መግቢያ ሆነ። ዜማው ብሩህ ነው፤ ቁርስ እያቀረበ የሚሰማው ሰው ሠርግ ሊመስለው ይችላል። ግጥሙ የሚጀምረው ግን ፊቷን መኳኳል የማታውቅ ሰው አንድ ጧት ስስ ኩል ቅብ ብላ በመታየቷ ነው። በጃፓን ሟች ከመሰናበቱ በፊት ፊቱን በስሱ ማስዋብ የተለመደ መሆኑን ስታውቅ፣ ያ ጧት የምን ጧት እንደ ሆነና እቅፍ አበባው ለማን እንደ ተያዘ ይገባሃል። እኔ ይህን የተረዳሁ ዕለት ዘፈኑን መልሼ ለመስማት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። በአገራችን ሙሾ አውራጅ ሟችን ስታነሣ ለቀስተኛው ሁሉ አብሯት ያለቅሳል፤ እዚህ ግን ሚሊዮኖች በየማለዳው ሙሾ መሆኑን ሳያውቁ አብረው አንጎራጎሩ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የወጣው «ፋንቶም» የተባለው አልበም ለእናታቸው መታሰቢያ ነው። የድሮው ጥድፊያ የለበትም፤ ከበሮውም ፒያኖውም ለድምፁ ቦታ ይለቃሉ፣ የእንግሊዝኛ ቃል ይቀንሳል፣ ትንፋሹ ሲያልቅ እንኳ ይሰማል። ከትልቁ የአሜሪካ ቅንብር ሥር ተሸፍኖ የነበረው የእናት እንጉርጉሮ ልብሱን አውልቆ የወጣው በዚህ አልበም ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙዎች ኡታዳን ከአር ኤንድ ቢ፣ ከዚያ ከጥቁር አሜሪካውያን ስልት፣ ወደ ኤሌክትሮኒክ፣ ከዚያም ወደ ሌላ የተሻገሩ ይሏቸዋል፤ እኔ ግን ሲመለሱ ነው የምሰማቸው።

የ2022ቱ «ባድ ሞድ» የተሠራው በሚኖሩባት በለንደን ዓለም ሲሆን፣ ኤ ጂ ኩክና ፍሎቲንግ ፖይንትስ የተባሉት እንግሊዛውያን አቀናባሪዎች ተካፍለውበታል። ጃፓንኛና እንግሊዝኛ አንዱ አንዱን ሳይጫን በአንድ ዘፈን ውስጥ ይቀመጣሉ። ከዋናዎቹ ዘፈኖች የመጨረሻው አሥራ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ሥራ ስትጨርስ፣ መብራቱን ቀንሰህ ስማው። እዚያ ላይ ሐዘኑ አልጠፋም፤ ግን የቤቱ ሰው ሆኗል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንህ። በ1999 አሜሪካውያኑ ጂሚ ጃምና ቴሪ ሉዊስ ያዘጋጁትን «አዲክትድ ቱ ዩ» የተባለውን ዘፈን ኡታዳ በ2024 ለወጣው የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ እንደ ገና ዘፍነውታል። ሁለቱን አከታትለህ ስማቸው። በመጀመሪያው ላይ የልጅነቱ ድምፅ ከምቱ ቀድሞ ሊደርስ ይሮጣል፤ በሁለተኛው ላይ ግን ዝቅ ብሎ፣ ምቱን ከኋላው አስከትሎ ይሄዳል። የስንኙ መጨረሻ ላይ ያችን እጥፋት አዳምጥልኝና፣ በሁለተኛው ወደ ፉጂ ድምፅ ቀርባለች ወይስ እኔ ነኝ እንድትቀርብ የምመኘው? ከእኔ ጆሮ ያንተን ስለማምን እስክትጽፍልኝ እጠብቃለሁ።

ክራርህ እንደ ተውኸው ግድግዳዬ ላይ አለ። ሁለተኛው አውታር ስለ ላላ ባለፈው ሳምንት አዲስ አስገብቼለታለሁ።

አክባሪ ወዳጅህ