ዱም ሲታደስ ስሌቱ አይነካ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አሮጌ ጌሞችን ስለማደስ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ምስል ጥራት ነው። ከባዱ ሥራ ግን ሌላ ቦታ ነው። ምንጭ ኮዱ በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውን የዱም ኢንጂን እንውሰድ፤ ዱም ጭራቆች የሚተኮሱበት ጌም ነው፣ ኢንጂኑም ጌሙን የሚያስኬደው ፕሮግራም ነው።

ዱም ዓለሙን በሰከንድ 35 ጊዜ ያሰላል፤ እያንዳንዱን ዙር ትርታ እንበለው። ዴሞ የሚባለው የተቀዳ ጨዋታ ቪዲዮ አይደለም፤ በየትርታው ተጫዋቹ የሰጠው ትእዛዝ ብቻ በ4 ባይት ተጽፎበታል። ቀሪውን ኢንጂኑ እንደገና ያሰላል። ስሌቱ በአንዲት ቢት ከተዛነፈ፣ ብዙም ሳይቆይ ተጫዋቹ ግድግዳ ሲገፋና ባዶ አየር ሲተኩስ ታያላችሁ።

16 ቢት ሙሉና 16 ቢት ክፍልፋይ የያዙትን ቋሚ ነጥብ ቁጥሮች በተንሳፋፊ ነጥብ፣ ማለትም የነጥቡ ቦታ በሚቀያየር ቁጥር፣ መተካት ስሌቱን ስለሚያዛንፍ አንዱ ጥፋት ነው። ተንኮለኛው ግን ጌሙ እንደ ዕጣ የሚያወጣው ቁጥር ነው። ቁጥሮቹ 256 ቦታ ካለው ሰንጠረዥ በተራ ስለሚወጡ፣ ለአዲስ የደም ፍንጣቂ ማሳመሪያ አንዱን ብትወስዱ ከዚያ በኋላ ያለው የጭራቆቹ ውሳኔ ሁሉ ይለወጣል። ለማሳመሪያው በሰንጠረዡ ላይ ተራውን የሚይዝ የራሱን ቆጣሪ ስጡት።

በሰከንድ 144 ምስል ለማሳየትም ስሌቱን ማፍጠን አያስፈልግም፤ በቀድሞውና በአሁኑ ትርታ መካከል ያለውን ቦታ ለሥዕሉ ብቻ አስሉ።

በአንድ ምስል የሚሳሉትን የወለልና የጣሪያ ንጣፎች ብዛት 128 ላይ የሚያግደውን ገደብ ያለ ስጋት አንሱት፤ ድሮ ብዛቱ ከገደቡ ሲያልፍ ጌሙን ከማቋረጥ ሌላ ጥቅም አልነበረውም። ጥይት የሚያቋርጣቸውን ነገሮች የሚመዘግበው ድርድር (ቦታው የተወሰነ የመረጃ ዝርዝር) ግን ከልኩ ሲያልፍ አጠገቡ ያለውን ሜሞሪ ያበላሻል፤ የድሮ ዴሞ በትክክል እንዲሄድ ስህተቱ ራሱ መመሰል አለበት። የታደሰ የዱም ኢንጂን የሆነው ፕርቡም ፕላስ እንዲህ ያለውን የየዘመኑን ጠባይ በቁጥር ያስመርጣል፤ 2 ለዱም 2፣ 9 ቡም ለሚባለው ሌላ የታደሰ ኢንጂን።

ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ የድሮ ዴሞዎችን አስኪዱና የተጫዋቹን የመጨረሻ ቦታ ከቀድሞው ጋር አስተያዩ።

ፕሮግራመር አንባቢ