የወንድምሽን ጠርሙስ አትንኪው

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣

አሰላሙ አለይኩም። አንቺም ሕፃኑም እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ከለበሰ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከሰሉ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ትናንት በስልክ ስታለቅሺ ብዙ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ሕፃኑ ተነሣና ዘጋሽው። «እማዬ፣ ሳበጥር ጸጉሬ በእፍኝ ይወጣል። ወንድሜ የሚቀባውን ሚኖክሲዲል ልቀባ ወይ?» ነበር ያልሽኝ። አትቀቢ፣ ልጄ። ለምን እንደሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳሽ።

ሠላሳ ዓመት ሹሩባ ሠርቻለሁ። ስንቱ ራስ በጉልበቴ መሀል አለፈ። ጸጉር መርገፍ አንድ በሽታ አይደለም። ለአንዱ የበጀው ለሌላው አይበጅም፤ የሚያባብስበትም አለ።

የወንድምሽ ከዘር የመጣ ነው። አባትሽም አያትሽም እንደዚያው ነበሩ፤ ግንባራቸው ከሁለት ጎን ይሸሻል፣ አናታቸው ይሳሳል። ሥሩን የሚያቀጭጨው የወንድ ሆርሞን ነው። ሚኖክሲዲል ድሮ የደም ግፊት ክኒን ነበር። የሚውጡት ሰዎች ገላቸው ላይ ጸጉር ሲበዛ ታየና የሚቀባ ሆኖ ተሠራ፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1988 ፈቀደችው። ወንድምሽ ባለ 5 ፐርሰንቱን ጠዋትና ማታ ይቀባ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭራሽ ባሰበት። ትራሱ ላይ ያለውን እያየ «ይሄ ነገር ጨረሰኝ» ብሎ ጠርሙሱን ሊወረውር ሲል እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። አሮጌው ጸጉር ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ እንዲህ እንደሚያደርግ ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮን ነበር። ከአራት ወር በኋላ አናቱ ደህና ሸፈነለት። ግንባሩ ግን እምብዛም ነው። ከዚያ ለሥራ ሰመራ ሲሄድ ተወው። በጥቂት ወር ውስጥ የበቀለው ሁሉ ተመልሶ ረገፈ። አሁን እንደገና ጀምሯል። መድኃኒቱ እየተቀባ እስካለ ድረስ ነው የሚሠራው።

አንቺ ደግሞ ታጠቢያለሽ። ለምታጠባ እናት አይመከርም። የተቀባ ራስ ሕፃኑን ከነካካው፣ የሕፃኑ ገላ ላይ ጸጉር ሊያበቅል እንደሚችል ታውቋል። ወንድምሽንም ንገሪው፤ ቀብቶ እጁን ሳይታጠብ ልጁን አይቀፈው። ፊናስተራይድ የሚባለውንም ክኒን እንደሚውጥ አውቃለሁ። እሱ የወንድ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረውን በእጇ እንኳን መንካት የለባትም፤ ለወንድ ፅንስ አደጋ አለው። ከፍ ካለ ቦታ ያስቀምጠው።

በእፍኝ የሚወጣው ጸጉርሽ ግን ሌላ ነው። አብሽሪ። የወሊድ ነው ብዬ ነው የማስበው። በእርግዝና ጊዜ መርገፍ የነበረበት ጸጉር ሳይረግፍ ይቆያል። ከዚያ ከወለድሽ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ አንድ ላይ ይለቃል። ከሚዶው ላይ አንዲት ዘለላ አንሺና ጫፏን እያት። ከሰሊጥ ያነሰች ነጭ ነጥብ አለቻት? እረፍት ላይ የነበረ ጸጉር በተራው ሲወርድ እንዲያ ነው፤ ሥሩ ቆዳሽ ውስጥ አለ። እኔም አንቺን ወልጄ እንዲሁ ሆኜ ነበር። አባትሽ ታይፎይድ ታሞ ሲነሣም ልክ በሦስተኛው ወር ረገፈ፤ ትኩሳቱን ከረሳነው በኋላ። ሁለታችንም ምንም አልቀባንም። ጸጉር በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ቶሎ አይታይሽም። ለጤነኛም ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ መርገፉ ያለ ነው። ልጁ ዓመት ሞልቶትም ካልቆመልሽ፣ ወይም ድካምና ማዞር ካለሽ፣ የደም ማነስና የእንቅርት ምርመራ አድርጉልኝ በያቸው።

አክስትሽን ታስታውሻለሽ? ማጅራቷ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ቦታ በድንገት ልሙጥ ሆነች። ታብረቀርቃለች እንጂ ቁስል የላት፣ ፎረፎር የላት። ላሽ ነው ተባለ። የሌሊት ወፍ ሸንታባት ነው ያለም ነበር። ነጭ ሽንኩርት አሹላት፤ ቆዳዋ ተቃጥሎ ውሃ ቋጠረ። በኋላ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ የቆዳ ሕክምናውን ታውቂዋለሽ፣ ሰው ከሩቅ ነው የሚመጣበት። ላሽ ማለት የሰውነት መከላከያ የገዛ የጸጉሩን ሥር እንደ ጠላት ሲያጠቃ ነው አሉን። በቀጭን መርፌ እዚያው ቦታው ላይ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ወጓት። በአራት በአምስት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ሄድን። መጀመሪያ የበቀለው ነጭ ነበር፤ ደነገጠች። ቆይቶ ጠቆረላት።

የጎረቤታችን ልጅ ግን እንዲህ አልቀናትም። የራስ ጸጉሯ አለቀ፣ ቅንድቧ ሄደ፣ ሽፋሽፍቷም ተከተለ። ለዚያ ሁሉ መርፌ አይበቃም። ባሪሲቲኒብ የሚባል ክኒን አሜሪካ ለእንዲህ ዓይነቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ፈቅዳለች፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። ልጅቷ ሻርፗን አስተካክላ ነው የምትወጣው። እኔ ቤት ለቡና ስትመጣ ታወልቀዋለች። ቶናው ሲቀዳ ራሷን ገልጣ ስታወራ ሳያት ልቤ ይሞላል።

የሷ ታናሽ ወንድም ደግሞ ቆረቆር ነበር የያዘው፤ ያ ፈንገስ ነው። እናቱ ያልቀባችው ነገር አልነበረም። ቅባት ብቻውን ሥሩ ድረስ አይገባም። ግሪሲዮፉልቪን ለስምንት ሳምንት ዋጠ፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ስለሚሻል ከወተት ጋር ነበር የሚሰጡት። ሚዶውንና የፀጉር አስተካካዩን ማሽን ባያጋሩት ኖሮ መጀመሪያም ላይይዘው ይችል ነበር።

አሁን ወደ ጆሮ ግንድሽ ልምጣ። ይሄን ለመጻፍ ነው ሌሊቱን ያደርኩት።

ከጆሮሽ በላይ፣ በግንባርሽ ዳር ሳስቷል ያልሽው የወሊድ አይመስለኝም። የጉተታ ነው። ስምንት ዓመትሽ ነበር። የዒድ ዋዜማ። ያቺን ስስ ጸጉር ከጆሮሽ በላይ ሰብስቤ ስስባት ዓይንሽ አብሮ ወደ ጎን ይሄድ ነበር። «እማዬ አመመኝ» ስትዪ «ጠበቅ ሲል ነው የሚያምረው» እልሽ ነበር። በማግስቱ በሹሩባው መነሻ ላይ ነጭ ራስ ያላቸው ትንንሽ ብጉሮች ወጡብሽ። ቅቤ ቀባሁልሽና ወደ ጨዋታሽ ሄድሽ። ሥሩ እየጮኸ እንደነበር አላወቅኩም። አፉ በይኝ፣ ልጄ።

አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። ሃያ ዓመት እኔ ነኝ የሠራኋት። ግንባሯ ሁለት ጣት ያህል ሸሸ። የሸሸውን ለመሸፈን ከፊት የቀረውን ደግሞ ይበልጥ አጥብቄ እጎትት ነበር። በመጨረሻ ሐኪም ጋ ስትሄድ ሥሩ ጠባሳ ሆኗል አሏት። ጠባሳ ላይ ቅባት አያበቅልም። ዛሬም ገበያ ላይ ስታገኘኝ እቅፍ አድርጋ ነው የምትስመኝ። እኔ ነኝ ቀና ብዬ ግንባሯን ማየት የሚያቅተኝ።

አሁን ስሠራ ልጅቷን «ቅንድብሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ» እላታለሁ። ግንባሯ ከተሳበ ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ። አንዳንዷ ቶሎ ይፈታብኛል ብላ ሌላ ሠሪ ጋ ትሄዳለች። ትሂድ።

አንቺም የቀጠልሽውን ሂውማን ሄር አውልቂው። ከሥሩ የሚታሰረው ጠበቅ ያለ ሹሩባ አንድ ጉዳት ነው፣ ክብደቱ ሌላ ነው። በካውያም በሪላክሰርም አትንኪው። ዘርዘር ያለ፣ ላላ ያለ ሥራ ብቻ፤ ባይሆን እንዲሁ ልቀቂው። ከላሊበላ መንገድ ያመጡልኝ ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር ተዘጋጅቷል፤ እልክልሻለሁ። ጸጉሩን ያለሰልሰዋል፣ ማበጠሩም ይቀልሻል። ያበቅላል ብዬ ግን አልዋሽሽም። ገና ጅምር ከሆነ ማላላቱ ብቻውን ይመልሰዋል፤ ወራት ይፈጃል እንጂ። በቲክቶክ የሚሸጡልሽንም ዘይት ተዪው። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ደግሞ ሂጂ፤ የማጠባ ነኝ ብለሽ ንገሪያቸው።

አሁን የምፈልገው አንድ ፎቶ ነው። ነገ ጠዋት መስኮት አጠገብ ቁሚ። ቅቤም ዘይትም አትቀቢ። ጸጉርሽን ወደ ኋላ ያዥና ወንድምሽ ከጎን ያንሣሽ፣ ከጆሮሽ በላይ ያለውን ቦታ ጠጋ ብሎ። እዚያ ላይ እንደ ሕፃን ጸጉር የምትመስል ስስ ነገር መኖሯን ማየት እፈልጋለሁ።

እናትሽ
ከደሴ