ስለ ጅቡቲ ወደብ ሕይወት የፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጉዳዩ፦ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ስለሚቀርበው የፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ

ከየካቲት 9 እስከ የካቲት 20 ድረስ የጅቡቲ ከተማንና የወደቧን የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ለእይታ ይቀርባሉ። ፎቶግራፎቹን ያነሳው በአንድ ወቅት በዚሁ ግቢ የተማረ ልጃችን ሲሆን፣ ትራንዚተር (የዕቃ የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ሆኖ ጅቡቲ ውስጥ ለዓመታት ሲሠራ በዕረፍት ሰዓቱ ያነሳቸውን ምስሎች ያለ ምንም ክፍያ አውሶናል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ግን ለግብዣ ብቻ አይደለም። ከፎቶግራፎቹ አንዳንዶቹ ለሕፃናት ዓይን ተገቢ ናቸው ወይ የሚል ጥያቄ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ ስለተነሳ፣ የደረስንበትን ውሳኔ ከነምክንያቱ ላሳውቃችሁ ይገባል።

አስቀድሜ ጅቡቲ ለምን እንደተመረጠች ልግለጽ። ልጆቻችን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርዱ ከፊታቸው የሚያገኙት የለገሃር ባቡር ጣቢያ የተሠራው ከዚያች ከተማ ለሚመጣው ሐዲድ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ሥራ ከፈቀዱ በኋላ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከባሕሩ ዳርቻ ተነስቶ 780 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው መዲናችን የወጣው ይህ መስመር ለከተማችን ብዙ ነገር አምጥቶላታል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም.፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር ሲመረቅ የመንገደኞቹ መሳፈሪያ ወደ ፉሪ ለቡ ስለተዛወረ፣ የዛሬ ተማሪዎቻችን ለገሃርን የሚያውቁት የታክሲ መውረጃና የቀላል ባቡር ፌርማታ አድርገው ነው። ባለፈው ወር የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን «ከዚህ ጣቢያ የተነሳ ባቡር የት ይደርስ ነበር?» ብዬ ስጠይቅ አብዛኞቹ ሜክሲኮ አደባባይ አሉኝ። ሳቅሁ እንጂ አልፈረድኩባቸውም፤ ያሳየናቸው ሌላ ነገር የለምና።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ የአሰብ በር ከተዘጋብን ወዲህ፣ ከአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ሲመላለስ ኖሯል። በዕለት ተዕለት ወሬያችን ግን ወደቡ የሚነሳው ዕቃ ሲዘገይና ዋጋ ሲንር ብቻ ነው። ስለ ክፍያውና ስለ ፖለቲካው ብዙ እንናገራለን፤ እዚያ ቆሞ ዕቃውን ስለሚያወርደው ሰው ግን እምብዛም አናነሳም። ዐውደ ርዕዩን የተቀበልነው ይህን ክፍተት በጥቂቱም ቢሆን ይሞላል ብለን ነው።

ፎቶግራፎቹን አስቀድሜ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። ግዙፎቹ ክሬኖችና እንደ ግንብ የተደረደሩት ኮንቴይነሮች እንደሚጠበቀው አሉ፤ ልጆች መጀመሪያ የሚሮጡትም ወደነሱ እንደሚሆን እገምታለሁ። እኔን ያቆሙኝ ግን ሌሎች ናቸው። አንደኛው በመርከብ በጅምላ የመጣ ማዳበሪያ እዚያው ወደቡ ላይ በጆንያ ሲሞላ የተነሳ ነው። አንድ ሠራተኛ የተሞላውን ጆንያ አፍ በእጅ መስፊያ ማሽን ሲሰፋ ይታያል፤ ነጭ ብናኝ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ላይ ተጋግሯል፣ አፍንጫውንና አፉን በሻርፕ ሸፍኗል፣ የሚታዩት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው። ያ ጆንያ ከሳምንታት በኋላ ጎጃም ወይም አርሲ ውስጥ በአንድ ገበሬ ትከሻ ላይ እንደሚውል ለልጆች መንገር የመምህራኑ ድርሻ ይሆናል።

ሁለተኛው ጭነት ለመረከብ ተራ የሚጠብቅ የከባድ መኪና ረዳት ነው። በቀትር ፀሐይ፣ በሐምሌ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት ከተማ፣ ተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ ተኝቷል። ጫማዎቹን አውልቆ ከጎማው ጥግ ጎን ለጎን አሰልፏቸዋል፤ ከራስጌው የውኃ ጀሪካን፣ ከእግርጌው ምድጃ ላይ የተጣደ ጀበና አለ። የኛው አገር ልጅ ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ፎቶግራፍ አንሺው እንዳጫወተኝ ከሆነ ሾፌሩ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) ሊያስጨርስ ሄዶ ሳለ ዕቃውን የሚጠብቀው ይህ ልጅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጋላፊ የድንበር ኬላ በኩል ወጥተው በሚሌና በአዋሽ አድርገው ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርሱ ድረስ ገና ብዙ መንገድ ይቀራቸዋል።

የከተማዋን መሃል የሚያሳዩት ነጭ ቅስት ያላቸው አሮጌ ሕንፃዎች፣ ከየመን የሚመጡት የእንጨት ጀልባዎችና የዓሣ ገበያው በሌላ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። የአሮጌዋ ከተማ ዋና አደባባይ ለብዙ ዘመን በምኒልክ ስም ሲጠራ መኖሩን ስታውቁ ትገረሙ ይሆናል። ከዚያው አጠገብ ያለው ፎቶግራፍ ደግሞ ጀሪካን የምትሞላ ልጅ ያሳያል። ጅቡቲ የራሷ ንጹሕ ውኃ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከሶማሌ ክልላችን የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ ይሄድላታል፤ ከኤሌክትሪክ ኃይሏም ብዙው ከእኛ የሚገዛ ነው። እኛ በእነሱ በር እንደምንገባና እንደምንወጣ ሁሉ እነሱም ከእኛ ምንጭ እንደሚጠጡ ልጆቻችን ማወቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ረገድ ከዐውደ ርዕዩ ሁሉ ይህችን አንዲት ፎቶግራፍ አስበልጣለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ክርክር ያስነሱት ሁለት ዓይነት ፎቶግራፎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የጫት ገበያውን የሚያሳዩ ናቸው። ከአገራችን ምሥራቃዊ ክፍል በየቀኑ የሚጫነው ጫት እኩለ ቀን አካባቢ ጅቡቲ ሲደርስ፣ ሻጮቹ ሴቶች እሥሩን በረጠበ ጆንያ ሸፍነው መንገድ ዳር ይቀመጣሉ፤ ከተማው በሙሉ ወደነሱ የሚተም ይመስላል። አንዳንድ ወላጆች «ይህ ማስታወቂያ አይሆንም ወይ?» ሲሉ ሥጋታቸውን ገልጸዋል። ሥጋቱን አላቃልለውም፤ በዚሁ ሰፈር ከትምህርት ቤት አጥር ብዙም ሳይርቅ ምን እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ፎቶግራፎቹ ቃሚውን አያሞግሱም፤ የሚያሳዩት የሻጭ ሴቶቹን ድካምና የቀትሩን ግርግር ነው። ከአገራችን ወጥቶ ወደዚያች ከተማ በየቀኑ ከሚገባው ሸቀጥ ዋነኛው ይህ ሆኖ ሳለ ከግድግዳው ብናወርደው ለልጆቹ የምናሳያቸው ለእንግዳ ተብላ የተጸዳች ከተማ እንጂ እውነተኛዋን አይደለም። ስለዚህ እንዲቆዩ ወስነናል። በአጠገባቸው ቆሞ ስለ ጫት ጉዳት የሚያስረዳ የባዮሎጂ መምህር ይመደባል።

ሁለተኛዎቹ ከበድ ይላሉ። ከጅቡቲ ከተማ ባሻገር፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ ኦቦክ በምትባለው ቦታ ባሕር ተሻግረው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመሄድ የሚጠባበቁ ወጣቶች የተነሱባቸው ፎቶግራፎች ናቸው። አብዛኞቹ ወጣቶች ኢትዮጵያውያን ናቸው። የማንም ፊት አይታይም፤ ፎቶግራፍ አንሺው ሆን ብሎ ከጀርባ፣ ከእግርና ከእጅ ብቻ አንስቷቸዋል። ሬሳም ሆነ ደም የለም። ቢሆንም በረሃውን በቀጭን ነጠላ ጫማ ሲያቋርጥ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ ለትንሽ ልጅ የሚከብድ እይታ ነው፤ በተለይ ወንድሙ ወይም አክስቱ በዚያ መንገድ ለሄዱበት ልጅ። እንዲህ ዓይነት ቤተሰቦች በመካከላችን እንዳሉ አውቃለሁ። በመሆኑም እነዚህ ፎቶግራፎች ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል ለብቻቸው ተሰቅለዋል፤ የሚገቡትም ከሰባተኛ ክፍል በላይ የሆኑና የወላጅ ፈቃድ ያመጡ ተማሪዎች ብቻ ሲሆኑ፣ መግባት ያልፈለገ ተማሪ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። የፈቃድ ቅጹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ልጃችሁን በቅርብ የምታውቁት እናንተ ስለሆናችሁ፣ አይገባም ብትሉ ውሳኔያችሁን ሙሉ በሙሉ እናከብራለን።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። በአዳራሹ ውስጥ በስልክ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ምስሎቹ የሰው ንብረት ናቸው፣ በተጨማሪም የሚጎበኙት ልጆች ፊት በቴሌግራምና በቲክቶክ እንዲዞር አንፈልግም። ለልጆቻችሁ ማስታወሻ የምትፈልጉ ብትኖሩ በመግቢያው በር ላይ ከነልጆቻችሁ ለመነሳት የሚያስችል ቦታ ተዘጋጅቷል።

የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራን ለየክፍሉ ያዘጋጁት የቤት ሥራም አለ። ተማሪው ከቤቱ አንድ ዕቃ ይመርጣል፤ ዘይት፣ የቴሌቪዥን ሣጥን ወይም የወንድሙ ሞተር ሳይክል ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከእናንተ ጋር ሆኖ ዕቃው ከመርከብ ወርዶ እቤት እስኪደርስ በማን በማን እጅ እንዳለፈ ይጽፋል። መልሱን እናንተ ጽፋችሁ እንዳትሰጡት እለምናለሁ፤ የእናትን ወይም የአባትን የእጅ ጽሑፍ መምህራኑ ለይተው ያውቁታል። ከመካከላችሁ በዚህ መስመር የምትነዱ ሾፌሮች፣ ትራንዚተሮች፣ የጉምሩክ ሠራተኞች ወይም መርካቶ ውስጥ ከውጭ በሚገባ ዕቃ የምትነግዱ ካላችሁ፣ ከሥራችሁ ግማሽ ሰዓት ቆርሳችሁ ለተማሪዎች ብታወሩላቸው ውለታው ትልቅ ነው። ንግግር ማዘጋጀት አያስፈልጋችሁም፤ ልጆቹ በጥያቄ ያፋጥጧችኋል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ።

ዐውደ ርዕዩ በሥራ ቀናት ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ለወላጆች ክፍት ይሆናል። መግቢያው በነፃ ነው። በግቢያችን መኪና ማቆሚያ ስለሌለና መንገዱ በከሰዓት በኋላ ስለሚጨናነቅ፣ በቀላል ባቡር ለገሃር ወርዳችሁ በእግር ሽቅብ ብትመጡ ይሻላል። ለመራመድ የሚቸግራቸው አያቶች ካሉ አስቀድማችሁ ብታሳውቁን በኋላው በር እንቀበላቸዋለን፤ በተለይ በአሮጌው ባቡር የተጓዙ አያቶች ቢመጡ በልዩ አክብሮት እናስተናግዳቸዋለን።

የተፈረመበት የፈቃድ ቅጽ እስከ የካቲት 5 ድረስ በልጃችሁ በኩል ለክፍል ኃላፊ መምህሩ እንዲደርስ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቅጹን ያልመለሰ ተማሪ ዋናውን አዳራሽ ብቻ ይጎበኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
አዲስ አበባ