የከሰል ማውጫው የአፈር ክምር ዝናቡ ሳይገባ ይፈተሽ

በጅማ ዞን የማዕድን ሥራን ለሚቆጣጠረው ጽሕፈት ቤት
ጅማ

በደልቢና ሞዬም ሆነ በሌላ ስፍራ የድንጋይ ከሰል ፈቃድ ስትመረምሩ፣ ከጉድጓዱ እኩል ከላዩ ተነሥቶ የሚከመረውን አፈርና አለት እንድትፈትሹልን እንጠይቃለን።

ገልባጭ መኪና ያራገፈው ልቅ አለት በራሱ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ አዘንብሎ ይተኛል። «ይኸው ቆሟል» ይባላል። የቆመው ግን የሚይዘውና የሚጎትተው ኃይል ሊተካከሉ ምንም ስላልቀራቸው ነው፤ የደኅንነት መጠኑ፣ ማለትም የሚይዘው ኃይል ለሚጎትተው ሲካፈል፣ 1 ገደማ ነው። ቢያንስ 1.3፣ ከሥሩ ሰው ወይም መንገድ ካለ 1.5 ጠይቁ። 40 ሜትር የሚደርስ ክምር በአራት የ10 ሜትር እርከን ተከፍሎ በየመሃሉ 15 ሜትር ሜዳ ቢተውለት፣ አጠቃላይ ተዳፋቱ ወደ 22 ዲግሪ ይወርዳል። ቦታ ይፈጃል፤ ባለፈቃዶችም የሚያጉረመርሙት በዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የክምሩ ወለል ነው። የአካባቢያችን ቀይ ሸክላ አፈር ውሃውን ቶሎ አይለቅም። ክብደት በፍጥነት ሲጫንበት ውስጡ የታፈነው ውሃ ሸክሙን ይሸከምና አፈሩ የመያዝ አቅሙን ያጣል፤ ክምሩም ከነእግሩ ይንሸራተታል። ስለዚህ አስቀድሞ በሙከራ ጉድጓድ ይታይ፣ ለስላሳው አፈር ይነሣ፣ ምንጭ ካለ በባሳልት ድንጋይ በተሞላ ቦይ ወደ ውጭ ይመራ። ከከሰሉ ጋር የሚወጣው የጭቃ ድንጋይ ለቦይ አይሆንም፤ ሲርስ ሲደርቅ ይፈራርስና ቦዩን ይደፍነዋል። በዌልስ፣ አበርፋን፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ተንዶ 144 ሰው የገደለው፣ 116ቱ ሕፃናት፣ ምንጭ ላይ የተከመረ የከሰል ማውጫ ተረፈ አፈር ነበር።

የጅማ ዝናብ ሐምሌን አይጠብቅም፤ መጋቢት ላይ ይጀምራል። የወለል ሥራውና ከክምሩ በላይ ያለው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከኅዳር እስከ የካቲት ካላለቁ ለዚያ ዓመት አበቃ ማለት ነው።

ክምሩ አናት ላይ ስንጥቅ ከታየ በግራና በቀኝ ችካል ተተክሎ ርቀቱ በየቀኑ ይለካ፣ ይመዝገብ። የርቀቱ ጭማሪ ትናንት 5 ሚሊ ሜትር፣ ዛሬ 10፣ ነገ 20 ከሆነ አፈር ማራገፉ ይቁም፣ ከግርጌው ያለ ሰውም ይነሣ። ስንጥቁን በዶዘር ደፍኖ መቀጠል ምልክቱን ማጥፋት ብቻ ነው። ተቆጣጣሪዎቻችሁ ሲሄዱ መጀመሪያ ይህን መዝገብ ይጠይቁ፤ ከሌለ እስኪዘጋጅ ድረስ ማራገፉን ያግዱ።

ምላሻችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

በጅማ የምንገኝ የማዕድንና የጂኦቴክኒክ ባለሙያዎች